የተሳቢ እንስሳት ክበብ፦ የዳቦና የሽሮ ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ሁለት ቦል ፓይተኖች ይዞ ከርሟል። ዳቦ ትልቅ ሴት ናት፤ ሽሮ ገና በማደግ ላይ ያለ ወንድ ነው። ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ቦል ፓይተን ከሴኔጋል እስከ ዩጋንዳ የሚገኝ፣ መርዝ የሌለው ትንሽ የዘንዶ ዝርያ ነው፤ ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሃል ከትቶ ይጠቀለላል። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ልጆች ያሉበት ቤት ሲያሳድገው ማየት የተለመደ ነው። አንዳንድ ወላጆች «ደግሞ እባብ?» ማለታቸው አልቀረም።

የዓመቱ ዋና ሥራ ክብደት ነበር። ዳቦ በሴፕቴምበር ስትመጣ 2,340 ግራም ትመዝን ነበር። በቀድሞ አሳዳጊዎቿ ቤት በየሳምንቱ 200 ግራም የሚመዝን አይጥ ይሰጣት እንደነበር ከመዝገቧ አይተናል። ሚዛኑ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም፤ 2,300 ግራም ለአንዷ ረጅም ሴት ልክ ሲሆን ለሌላዋ ውፍረት ነው። ስለዚህ ቅርጿን አየን። ጤናማ ቦል ፓይተን ጀርባው ትንሽ ሾጠጥ፣ ወደ ሆዱ ሰፋ ያለ ነው። የከሳው አከርካሪው ስለት አውጥቶ ይታያል፣ ጎኑም ይሰረጉዳል። የወፈረው ድብልብል ይላል፤ ሳይበላ ዘና ብሎ በተኛበት እንኳ በቅርፊቶቹ መካከል ቆዳው ይታያል፣ ሲታጠፍም ጎኑ ላይ እጥፋት ይወጣል። ዳቦ ላይ የውፍረቱ ምልክቶች ሁሉም ነበሩ። ሴት ስለሆነች ግን እብጠቱ እንቁላል አለመሆኑን መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም በአልትራሳውንድ አረጋገጠ።

መፍትሔው ማስራብ አይደለም። የወፈረ እባብ ምግቡ ድንገት ቢቋረጥበት ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ አይጡን ወደ 100 ግራም አወረድን፤ ቀጥሎ በምግብና በምግብ መካከል ያለውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አራት አሰፋን። የምትወጣበት ወፍራም ቅርንጫፍም ገባላት። በሜይ 2,130 ግራም ደረሰች። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ለእባብ ግን ትክክለኛው ፍጥነት ይሄ ነው። ከባዱ ነገር ልጆቹን ማሳመን ነበር። ማታ ማታ ጭንቅላቷን ከመደበቂያዋ አውጥታ ስትጠብቅ «ርቧት ነው» ይሉ ነበር። አድብቶ የሚያድን እንስሳ ጠግቦም እንዲሁ ይጠብቃል፣ ከሰጡትም ይውጣል። «በሞቴ» እየተባለ በሚጎረስበት ቤት ላደገ ልጅ ይህን መቀበል ቀላል አይደለም።

የሽሮ ሒሳብ ሌላ ነው። በ310 ግራም ሲጀምር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን፣ ማለትም 35 ግራም ገደማ የሆነ አይጥ በየሳምንቱ በላ። 500 ግራም ካለፈ በኋላ መጠኑን ወደ 7 በመቶ አውርደን በየሁለት ሳምንቱ አደረግነው። ፓኬቱ ላይ «ትንሽ»፣ «መካከለኛ» የሚለውን አትመኑ። ከአንድ ፓኬት የወጡ አይጦች ብዙ ግራም ይለያያሉ፤ እያንዳንዱን መዝኑ።

የምንሰጠው ሞቶ የበረደ አይጥ ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ክፉኛ ያቆስላል። ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ከዚያ በታሰረ ፕላስቲክ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ሆዱ ሲጫኑት ለስላሳ ከሆነ በረዶው ለቋል። ማይክሮዌቭ ክልክል ነው፤ ከፊሉን አብስሎ ከፊሉን በረዶ ይተወዋል፣ ሆዱንም ያፈነዳል። ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ባሉ ጉድጓዶች ሙቀት ስለሚለይ፣ የአይጡ ራስ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልሞቀ ብዙ ጊዜ ዞር ብሎም አያየው። በረጅም መቆንጠጫ፣ መብራት ደብዘዝ ሲል ይሰጣል፤ ከዚያ 48 ሰዓት ማንም አይነካውም። አይጡንም እባቡንም የነካ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለና።

በክረምቱ ቅዝቃዜ ሽሮ የዋጠውን መልሶ ተፋ። ሙቀት መለኪያው የማደሪያው መስታወት ላይ ተለጥፎ 32 ዲግሪ ሲያሳይ፣ እባቡ የሚተኛበት ወለል 26 ነበር፤ በብርድ ደግሞ ምግብ አይፈጭም፣ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል። የመለኪያው ዘንግ ወለሉ ላይ ወረደ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም ተስተካከለ። ሆድ እንዲያገግም ሁለት ሳምንት ምንም አልተሰጠውም፤ የመጀመሪያው ምግብ የወትሮው ግማሽ ነበር። ድጋሚ ቢተፋ ኖሮ ወደ ሐኪም ነበር የሚሄደው።

አለመብላት ግን ከመትፋት ይለያል። ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ከለበሰ ቆዳውን ሊገፍ ነው፤ ገፎ እስኪጨርስ ምግብ አይቀርብለትም። የደረሱ ወንዶች በክረምት ወራት መጾማቸው የታወቀ ነው። ውኃ እየጠጣና ሙቀቱ ልክ ሆኖ ክብደቱ ካልቀነሰ ዝም ይባላል። ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ሐኪም ይየው።

የምንመዝነው በወር አንዴ፣ ከምግብ በፊትና ከተጸዳዳ በኋላ ነው። ክዳን ያለው ሳጥን ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ተቀምጦ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያ እባቡ ይገባል። ዳቦ ከመጸዳዳቷ በፊትና በኋላ 90 ግራም ልዩነት አሳይታለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው «ከሳች» ብሎ በከንቱ ይጨነቃል።

በእረፍቱ ወራት እባቦቹን የሚወስዱ ሁለት ቤተሰቦች ተመርጠዋል። የምግብ ቀናቸው፣ ግራማቸውና የሐኪሙ ስልክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎ በየሳጥናቸው ላይ ተለጥፏል፤ አይጦቹም ተመዝነው ቀን ተጽፎባቸው ለየብቻ ታሽገዋል።