ከልህቀቱ በፊት ሚዛኑ ይስተካከል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለነጋዴዎች በሚሰጡ ሥልጠናዎች፣ በሽልማት መድረኮችና በየድርጅቱ የራዕይና የተልዕኮ ሰሌዳ ላይ «ልህቀት» የሁሉም ንግድ ግብ ሆኖ መቅረብ ከጀመረ ሰንብቷል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ግቡ ለቡና ላኪውም ለጉልት ቸርቻሪዋም፣ ለፋብሪካውም ለሰፈሩ ወፍጮ ቤትም በአንድ መስፈሪያ መሰጠቱ ተገቢ ሆኖ ስላልታየኝ ይህን አስተያየት ልኬያለሁ።

ልህቀት ጥሩ ዋጋ የሚያስገኝበት ቦታ መኖሩን የራሳችን ቡና ይመሰክራል። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በተካሄደው የ«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው አርሶ አደር የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሽጧል፤ በኪሎ ሲሰላ ከ400 ዶላር ያልፋል። በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ የምንልከው ቡና አማካይ ዋጋ በኪሎ ከ3 እስከ 4 ዶላር ነበር። ለአምራቹ ትልቅ ክብር ነው፤ ለሌሎችም በር ከፍቷል። ሆኖም ለእንዲህ ያለ ጨረታ የሚቀርበው ቡና ጥቂት ጆንያ ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛውም ጥቂት ነው። የሚሊዮኖች ገበሬዎች ኑሮ የተመሠረተው በቀረው ቡና ላይ ሲሆን፣ ከጠቅላላ ምርታችን ግማሽ ያህሉም እዚሁ አገር ቤት ተቆልቶ የሚጠጣ ነው።

ያንን የቀረውን ቡና የሚያሻሽለው ምንድን ነው ቢባል፣ ቀይ ቀዩ እሸት ብቻ መለቀሙ፣ የሚታጠብ ቡና ከሆነ በተለቀመበት ቀን መፈልፈሉ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ በየጊዜው መገላበጡ፣ ሲመሽና ሲዘንብ መሸፈኑ፣ እርጥበቱም ወደ 12 በመቶ ገደማ ሳይወርድ ከአልጋው አለመነሣቱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የተለየ ተሰጥዖ የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቁት ሰው ሲደክመውም፣ ተቆጣጣሪ ሳይኖርም፣ ዋጋ በወረደበት ዓመትም ሳይጓደሉ መሠራትን ነው። አንድ ሌሊት ሳይሸፈን ዝናብ የመታውን ቡና በማግስቱ የሚደረግ ምንም ዓይነት ትጋት ወደ ነበረበት አይመልሰውም።

በሰፈራችን ላሉ ሱቆች በየማለዳው እንጀራ የሚያስረክቡ አንዲት እናት አሉ። ጤፉን ራሳቸው አስነፍተው ያስፈጫሉ፤ ሊጡ ሳይደርስ አይጋግሩም፤ የእንጀራው ስፋት ከሰኞ እስከ እሑድ ያው ነው፤ ዐይን ያላወጣ እንጀራ ከወጣም ለይተው ለቤታቸው ያስቀራሉ እንጂ ከመሐል ሸጉጠው አይልኩም። እኚህን እናት «የላቀ» ምርት አቅርቡ፣ ማሸጊያ አሳምሩ፣ በየጊዜው አዲስ ነገር ጨምሩ ብንላቸው ወጪው ዞሮ የሚያርፈው ሁለት እንጀራ ገዝቶ በሚያድረው የቀን ሠራተኛ ላይ ነው። ያ ገዢ የሚፈልገው ትናንት የበላውን እንጀራ ዛሬም በዚያው ጥራትና በዚያው ዋጋ ማግኘት ነው። ይህን ፍላጎት ያለማቋረጥ ያሟላ ንግድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ እድገት እንደጎደለው ተቆጥሮ መታየቱም ያሳዝነኛል።

ገበያችን ዛሬ የተቸገረው የላቀ ነገር ስላጣ አይደለም። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር፣ ቅቤ ከሙዝ ጋር፣ ማር ከስኳር ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ በተደጋጋሚ ተይዟል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸቀጥን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልን ከከለከለ ዓመታት አልፈዋል። እኔም ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ከአንድ ሱቅ አንድ ኪሎ ተብሎ የገዛሁትን ቅቤ ቤት ወስጄ ብመዝነው በግልጽ ጎድሎ አገኘሁት። በዚያ ሱቅ ከባንኮኒው በላይ የደንበኛ አገልግሎት ሥልጠና ምስክር ወረቀት በመስተዋት ተሰቅሏል። ሥልጠናውን የሰጡ ሰዎች ሚዛኑን አላዩትም፤ ይህ ቅደም ተከተል ነው መስተካከል ያለበት የምለው።

መሻሻልን የማይሻ ንግድ ይጠፋል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሆነው ካይዘንም በምሳሌነት መነሣቱ አይቀርም። ካይዘንን በተግባር ያየ ሰው ግን ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ በሚባሉት «ማዎች» እንደሚጀምር ያውቃል። የመጨረሻው ማዝለቅ ነው፤ አብዛኛው ድርጅታችን የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው። መድኃኒት የሚያመርት፣ የመኪና ፍሬን የሚጠግን ወይም ሕንፃ የሚገነባ ደግሞ ከተቀመጠው ደረጃ አንዲት እርምጃ እንዲወርድ ሊፈቀድለት አይገባም፤ ከዚያ በላይ መውጣቱ ግን የራሱ ምርጫና የገበያው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የንግድ ቢሮዎችና የሥልጠና አዘጋጆች ለልህቀት መድረክ ከሚመድቡት ገንዘብ ከፊሉን በየገበያው መግቢያ ሸማቹ የገዛውን በነፃ የሚመዝንበት የተረጋገጠ ሚዛን ለማቆም እንዲያውሉት እጠይቃለሁ። ሽልማት መስጠቱ ካልቀረም፣ ሚዛኑና ጥራቱ ለዓመታት ሳይጓደል የቆየ አነስተኛ ነጋዴ በደንበኞቹ ምስክርነት የሚሸለምበት ዘርፍ ይካተት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ