አባባ፣ ጠፍሩ ረግቦብኛል

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? እማዬስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርታቸው ላይ ናቸው። ባለቤቴም ሰላም ብሎዎታል።

ደብዳቤ ከጻፍኩልዎ ስንት ዓመት ሆነ! ስልክ ስደውል "ደህና ነኝ፣ አንቺ ደህና ነሽ? በይ እህትሽን አናግሪያት" ብለው ስልኩን አሳልፈው ይሰጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍ አልኩ። እህቴ፣ አንቺ የምታነቢው፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ቁጥር ላይ ስትደርሺ ደግሞ ድገሚላቸው። አባባ ልክ ካልሰሙ ሥራው አይታያቸውም።

ባለፈው "ሐይቅ ላይ የምትቆም ቤት እየሠራሁ ነው" ስልዎ ዝም አሉኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። በኋላ እህቴ እንደነገረችኝ ሌሊቱን "ይቺ ልጅ ውሃ ላይ ምን ልትሆን ነው" እያሉ ሲገላበጡ አድረዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወሬውን ከመሃል ጀምሬ ነው ያስጨነቅኩዎ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

እዚህ በብርዱ ወራት ሐይቁ ድንጋይ ይሆናል። እኛ የምንሄድበት ሚል ላክስ ይባላል። ከቤታችን ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። ጣና በስፋት ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ጥልቀታቸው ግን ይቀራረባል፤ ሚል ላክስ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 13 ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ሰው በእግሩ እንዲሄድበት በረዶው 10 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ ይበቃል። ትልቅ ፒክአፕ ጎጆ ጎትቶ እንዲገባ ግን ከ50 ሳንቲ ሜትር ማለፍ አለበት። ይህን መጠን የሚያወጣው የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ነው። ያውም ጥርት ላለ በረዶ ነው። ነጣ ያለ፣ በረዶና ውሃ ተቀላቅሎ የጠጠረ ከሆነ እጥፉን ይፈልጋል። ስለዚህ ባለቤቴ ከፊት በእግሩ ይሄዳል። በየ50 ሜትሩ ይሰረስራል፣ ይለካል። ልኩ ካልሞላ ወደ ቤት ነው። አምና ሁለት ጊዜ ተመልሰናል፤ ልጆቹ እያለቀሱ። እርስዎ ቢሆኑም እንደዚያው ያደርጉ ነበር።

አሁን ወደ ጎጆዋ ልግባ። ጎማ ያላት ቤት ናት። በመንገድ ላይ ተሳቢ ነች። ሐይቁ መሃል ስትደርስ ማኖቬላውን ያዞሩታል፣ ጎማዎቹ ወደ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ወለሏ በረዶው ላይ ቁጭ ይላል። ዙሪያዋን በአካፋ በረዶ እናለብሳታለን፤ ነፋስ ከሥር እንዳይገባ። ወለሉ ላይ ክዳን ያላቸው ስድስት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ክዳኑን ከፍተው በዚያው በረዶውን ይሰረስሩና መንጠቆዎን ይጥላሉ። ውጭ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን እርስዎ በካልሲ ሆነው ሻይ እየጠጡ ዓሣ ያጠምዳሉ ማለት ነው። ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ የሚመታቸውን የጣና ሰዎች ሁልጊዜ አስባቸዋለሁ።

የገዛናት ባዶዋን ነው። ከሥራ ባልደረባዬ፣ ካረጀ ሰውዬ። የብረት አካል፣ የላሜራ ልብስ፣ ግድግዳዋ ላይ የተረጨ ፎም። ውስጧ ምንም የለም። ወርዷ 2 ሜትር ከ40፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ90 ነው። ባለቤቴ "ባለሙያ እንጥራ" አለ። እኔ እምቢ አልኩ። የማን ልጅ ሆኜ ነው!

የመጀመሪያውን ቀን መጋዝ አልነካሁም። እርስዎ ወንበር ከመሥራትዎ በፊት ሰውየውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ከጉልበቱ እስከ መሬት ይለካሉ፣ እርሳሱን ከጆሮዎ ላይ አውርደው ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ። እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ እቆማለሁ። ያንን አሰብኩና ቤተሰቡን በሙሉ ባዶው ወለል ላይ አስተኛሁ። በጠመኔ ዙሪያቸውን አሰመርኩ። ትንሿ ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መስመሯ ተጣመመ። ሲነሱ አራት ሰው ወለሉ ላይ ተስሎ ቀረ። የባለቤቴ እግር አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ነበር! ያን ጊዜ ነው አልጋው ወዴት መሄድ እንዳለበት የገባኝ። በወረቀት ብሠራው ኖሮ ይህን አላየውም ነበር።

አልጋዎቹን ከኋላ በኩል ግራና ቀኝ፣ ተደራራቢ አድርጌ አቆምኳቸው። የላይኞቹ ቀን ቀን በማጠፊያ ወደ ግድግዳ ይታጠፋሉ። መሃል ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ማታ ዝቅ ሲል እሱም መኝታ ይሆናል። ግድግዳውን ፐርሊናቶ፣ እርስ በርሱ የሚጋጠም የጥድ ጣውላ፣ አለበስኩት። ጥዱ ቀጭን ነው፣ 8 ሚሊ ሜትር። ዋንዛ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን እዚህ ክብደት ጠላት ነው። እያንዳንዱ ኪሎ በመንገድ ይጎተታል፣ በረዶውንም ይጫናል። ቁም ሳጥኑን በሙሉ ወደ ኋላ አድልቼ ሠርቼው ነበር። አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ጎጆዋ ወደዚያ ወደዚህ ትወዛወዝ ጀመር። ነቅዬ ግማሹን ወደ ፊት አዛወርኩት። የክብደቱ ሚዛን ትንሽ ወደ ፊት፣ ወደ መጎተቻው ማድላት እንዳለበት የተማርኩት ያን ዕለት ነው።

ሌላው ደግሞ መንገዱ ራሱ ነው። ቤት ውስጥ የቆመ ቁም ሳጥን አይንቀጠቀጥም። ይህ ግን በየጉዞው ሁለት ሰዓት ይናጣል። ሚስማር ብቻውን ይለቃል። ስለዚህ ሁሉን ነገር በኮላና በብሎን አሰርኩት። ብሎኑም የማይዝገው ነው፤ እርጥበቱ ተራውን ብረት በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል። ሳህኖቹ በር ከፍተው እንዳይወጡ ለእያንዳንዱ በር መቀርቀሪያ አደረግሁ። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ከላይ ጎማ ተለብጧል። ውሃ ሁልጊዜ ይረጫል፤ ዓሣው ሲወጣ ይንፈራገጣል።

ስለ ማሞቂያው ልንገርዎ፤ ይህ እንቅልፍ የሚነሳዎ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ ሳለን በብርድ ጊዜ ከሰል ሳይጠፋ ቤት ውስጥ እንዳናስገባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። "ከሰል ሌባ ነው፣ ተኝተህ ነው የሚወስድህ" ይሉን ነበር። እዚህም ያው ሌባ አለ። በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ጋዝ አንድደው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች አሉ። የእኛ ማሞቂያ የሚነደው በራሱ ሳጥን ውስጥ ነው። አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ይተፋል። ለእኛ የሚመጣው ንጹሕ ሙቀት ብቻ ነው። በተጨማሪ መርዙን አሽትቶ የሚጮህ መሣሪያ ከራስጌያችን ሰቅያለሁ። ሁለተኛ ደግሞ ከበሩ አጠገብ። ማታ ማታ ቁልፉን ተጭኜ ሳይጮህ ማንም አይተኛም። የጋዝ ሲሊንደሮቹ ከነጭራሹ ውጭ ናቸው። ደጁን ቆመው የሚጠብቁን አሁንም እርስዎ ነዎት።

መብራቱ ቀላል ነው፤ በመኪና ባትሪ ልክ፣ በ12 ቮልት ይሠራል። ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ ከአልጋው ሥር፣ ሙቀት ውስጥ አስቀመጥኩት። ከቀዘቀዘ ቻርጅ ማድረግ ያበላሸዋል።

ከሁሉ የምወደውን ልንገርዎ። ከአልጋዬ አጠገብ፣ ከቀዳዳው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ክር የተጠቀለለበት ትንሽ መዘውር አለ። ውስጡ ቃጭል አለው። ዓሣ ሲጎትት ክሩ ይተረተራል፣ ቃጭሉም ይንኳኳል። ተኝቼ ሰምቼ፣ ከብርድ ልብሱ እጄን ብቻ አውጥቼ ክሩን እይዘዋለሁ። እዚህ በብዛት የሚፈለገው ዓሣ ዎልአይ ይባላል። ዓይኑ በጨለማ እንደ ድመት ዓይን ያበራል። የሚበላውም ሲመሽና ሲነጋ ነው። አንድ ሌሊት ቃጭሉ ተንኳኳ። ልጄ ቀድሞኝ ደርሶ በባዶ እግሩ ተንበርክኮ ጎተተ። ከጥቁሩ ውሃ መጀመሪያ የወጣው ሁለት የሚያበራ ዓይን ነው። ልጁ "እማዬ፣ መብራት ይዞ ነው የመጣው" አለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

አምና አልጋዎቹን በኮምፔንሳቶ ሠርቼ ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍኩባቸው። ቆንጆ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ ጠዋት ልጄን ለማንሳት ብርድ ልብሱን ስስበው አልመጣም። ግድግዳው ላይ በረዶ ሆኖ ተጣብቋል። ፍራሹን አነሳሁት፤ ሥሩ ውሃ አቁሯል። አራት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ፣ ድስት ሲፈላ፣ እንፋሎቱ መሄጃ ያጣል። ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ውሃ ይሆናል። ሰው የሞቀው ከላይ ነው፣ ከፍራሹ ሥር ያለው እንጨት በረዶ ነው። በየካቲት ፍራሹ ሁሉ ሻገተ። አራቱንም ጣልኳቸው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ያስል ነበር፤ እኔም በራሴ አዘንኩ።

ብዙ ቀን አሰብኩበት። ቀዳዳ ልብሳው? ርብራብ ላድርገው? አንድ ማታ አውቶቡስ እየነዳሁ ሳለ የአያቴ የጠፍር አልጋ ትዝ አለኝ። ከሥሩ ገብተን ስንደበቅ የጠዋት ፀሐይ በጠፍሩ መሃል ሾልኮ ፊታችን ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሠራ ነበር። ብርሃን ካለፈ አየርም ያልፋል! ደግሞ ቀላል ነው፣ ከኮምፔንሳቶው ግማሽ ክብደት የለውም።

ቆዳ አላገኘሁም። የጭነት መኪና ዕቃ የሚታሰርበትን ፖሊስተር ጠፍር ገዛሁ፤ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፍኩ ሸመንኩት። ጫፉን አጥፌ በብሎንና በሮንዴላ ያዝኩት። ስፖንጁን መልሼ አነጠፍኩ። በመስከረም ግቢያችን ውስጥ አቁመናት አንድ ሳምንት ሙሉ አደርንባት። ፍራሹ ደረቅ ነው አባባ፤ እጄን ከሥሩ ከትቼ ዳበስኩት፣ አንድ ጠብታ የለም። ከደስታዬ ብዛት ያን ሌሊት ልደውልልዎ ፈልጌ ነበር፤ እናንተ ጋ ጠዋት ነበር፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ይሆናሉ ብዬ ተውኩት።

ችግሩ፣ አሁን ረግቧል። ልጆቹ ስለሚዘሉበት መሃሉ ወርዶ የላይኛው አልጋ የታችኛውን ሰው አፍንጫ ሊነካ ምንም አልቀረው። እርስዎ ቆዳውን በውሃ ዘፍዝፈው እርጥቡን ነበር የሚወጥሩት። ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። የእኔ ጠፍር ግን ቢረጥብም ቢደርቅም ያው ነው። ፈትቼ እንደገና ብወጥረው በወሩ እዚያው ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ። የአያቴ አልጋ ሲረግብ ጠፍሩን አይፈቱትም ነበር። እግሩ ጋ ተንበርክከው፣ አግዳሚው ቋሚው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ሽብልቅ ይመቱበት ነበር። ከዚያ በመዳፍዎ ጠፍሩን መታ ያደርጉና ጆሮዎን ያስጠጋሉ። ድምፁ ካልጣመዎ እንደገና ይመታሉ። ይህን ሳይ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማላስታውሰው ሽብልቁ ከውስጥ በኩል ይሁን ከውጭ ነው። ከራስጌ ነበር የሚጀምሩት ከግርጌ? አራቱንም እኩል ይመቱ ነበር ወይስ በማዕዘን እየተሻገሩ? የሽብልቁስ እንጨት ምን ነበር? እኔ ፍሬሙን በወንዴና ሴቴ ነው የገጠምኩት፣ በብሎን አላሰርኩትም። ስለዚህ ሽብልቅ ይቀበላል ብዬ አስባለሁ። በስህተት ብመታው ግን ቋሚው ይሰነጠቃል፤ ቋሚው ደግሞ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው።

እህቴ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ መዶሻ መያዝ እንደተዉ ነግራኛለች። ዕቃዎን ለሰው ልስጥ እንዳሉም ሰምቻለሁ። አባባ፣ እባክዎ አይስጡ። መላጊያውን በተለይ። እጅዎ ባይታዘዝልዎ የእህቴ ልጅ መዶሻውን ይያዝ፣ እርስዎ "እዚህ ምታ" ይበሉት። የአያቴ አልጋ ጓዳ ውስጥ ነው አይደል? እሱን አውጡትና እያሳዩ ያስረዱት። እህቴ በስልክ ትቅረጽልኝ። እጅዎና ድምፁ እንዲሰማ ቀረብ ብላ።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። በረዶው ከሞላ ለልደት መግባት እንፈልጋለን። ጎጆዎች ከሐይቁ ላይ መነሳት ያለባቸው በየካቲት ማብቂያ ገደማ፣ በፈረንጆች ማርች የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ነው። ዘንድሮ ቀኑ የካቲት 23 ላይ ዋለ፤ የዓድዋ ዕለት። ከዚያ በፊት ያለን ሰባት ስምንት ቅዳሜ ነው።

በሚመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ ከተመለሱ በኋላ፣ እደውላለሁ። ጎጆዋ ውስጥ ሆኜ ነው የምደውለው፤ አልጋውን አሳይዎና ጠፍሩን በመዳፌ እመታልዎታለሁ። ድምፁን ይስሙልኝ። ስልኩን ለእህቴ እንዳይሰጧት።

ልጅዎ