ትከሻህን የቱ ጋ ነው የሚያምህ?

ባሕር ዳር

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤት ሁሉ ደህና? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጥፋቴን ኩርፊያ እንዳታደርገው፤ ትምህርት ነው የዋጠኝ። ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፣ መማር ጀምሬያለሁ። በዚህ ዕድሜ የአጥንት ስም ልትሸመድድ? ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ፤ እየሸመደድኩ ነው።

ሰሞኑን እናትህን ገበያ አገኘኋቸው። «ትከሻው አላስተኛ ብሎታል» አሉኝ። የቱ ጋ? ብላቸው «እኔ ምኑን አውቄ!» አሉ። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ «ትከሻዬን አመመኝ» አይበቃም። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፊቱም መዳፉም ወደ ፊት፣ እጁ ወደ ታች የተዘረጋ ነው ብለን እንነሳለን። በሆዱ ቢተኛም አቅጣጫው የሚነገረው በዚያ አቋቋም ነው። ስለዚህ አውራ ጣት ወደ ውጭ በኩል፣ ማለትም ላተራል ነው፤ ትንሿ ጣት ወደ መሃል፣ ሚዲያል። ክርን ለትከሻ ስለሚቀርብ ከእጅ አንጓ አንጻር ፕሮክሲማል ይባላል፤ አንጓው ዲስታል። ግራና ቀኝ ደግሞ ሁልጊዜ የታማሚው እንጂ የሐኪሙ አይደለም። ቀላል ይመስላል፤ የተሳሳተ ጎን ግን የሚነካው እዚህ ላይ ሲዘናጉ ነው።

ማታ ማታ ጣና ዳር ወርጄ የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎችን አያለሁ። አንድ አዛውንት አሉ። መቅዘፊያውን ወደ ፊት ሲሰዱ ክንዳቸው ከትከሻ ወደ ፊት ይነሳል፤ ፍሌክሽን ነው። ክርናቸው ይዘረጋል፤ ኤክስቴንሽን። ውሃውን ሲስቡ ሁሉም ይገለበጣል። ክንድ ከጎን ወደ ውጭ ሲርቅ አብዳክሽን፣ ሲመለስ አዳክሽን። ይህን ስም ያወጣው ሰው ተማሪ ማሰቃየት ሳይወድ አልቀረም!

አዛውንቱ መዳፋቸውን አሳይተውኛል፤ ከጣቶቹ ሥር ድድር ያለ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል። የላይኛው የቆዳ ሽፋን፣ ኤፒደርሚስ፣ ሲፈተግ ይወፍራል። የደም ሥር የለውም፤ ለዚህ ነው ጫር ብቻ ያደረገ እሾህ የማያደማው። ደም፣ ነርቭ፣ የላብ ዕጢ ከሥሩ ባለው ደርሚስ ውስጥ ናቸው። ሰፈር ውስጥ አንተን ቀዮ፣ እኔን ጠይሙ ይሉን አልነበር? ቀለም የሚያመርቱት ሴሎች ብዛታቸው በሁለታችንም ተቀራራቢ ነው። የሚለየው የሚያመርቱት ቀለም፣ ሜላኒን፣ ነው። አየህ፣ ያን ሁሉ ጉራ በከንቱ ነፋህ።

አሁን መልስልኝ። የሚያምህ ክንድህን ወደ ጎን ስታነሳ ነው ወይስ ወደ ፊት? ጀርባህን ልታክ እጅህን ወደ ኋላ ስታዞርስ? በዚያ ጎን ስትተኛ ይብስብሃል? ደረትህን የሚያፍንህ ወይም እጅህን የሚያደነዝዝህ ከሆነ ግን የእኔን ደብዳቤ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ።

ወንድምህ