ለትርሲት፣ «ማን ይቅደም?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ውድ ትርሲት፣

እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? ዝምታችን ረዘመ፤ ናፍቆቱም አብሮ ረዘመ። ስታዲየም አካባቢ ሰባተኛ ፎቅ ላይ መከራየትሽን፣ እናትሽንም ከደብረ ብርሃን አምጥተሽ አብረሽ መሆንሽን ከእህትሽ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ግርጌ ያስቀመጥሻት ጥያቄ ግን ከልቤ አልወጣችም። «የሞት አደጋ ሲመጣ የሚተርፈው ራሱን ያስቀደመ ብቻ ነው ወይ? እንዲያ ከሆነ እኔ እናቴን ጥዬ አልወጣም» ብለሽኝ ነበር። ይቺን ሳልመልስ ሰላምታ ብቻ ብልክልሽ ደብዳቤ ጻፍኩ አልልም።

መልሴ አይደለም ነው። ራስን ማስቀደም ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ግን የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ የሚደረገውም ለሌላው ሲባል ነው። አውሮፕላን ላይ «መጀመሪያ የራስዎን ጭንብል ያጥልቁ» የሚባለው ለዚህ ነው። በ35,000 ጫማ ከፍታ የውስጡ አየር ቢያመልጥ ሰው በቅጡ ማሰብ የሚችለው ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ነው። እናት የልጇን ጭንብል ስታስተካክል እሷ ራሷን ከሳተች ሁለቱንም የሚያነሳ የለም። የራሷን አጥልቃ ወደ ልጇ ብትዞር ግን ልጁ ለአፍታ ራሱን ቢስት እንኳ ኦክስጅን ሲያገኝ ይነቃል። ይህ ተራ መጠበቅ ነው፤ ስስት አትበዪው።

ከሁሉ በላይ ሆዴን የሚበላኝ የጉድጓድ ነገር ነው። አንድ ሰው የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ተከድኖ የከረመ የውሃ ጉድጓድ ሊጠርግ ይወርድና ይወድቃል። ወንድሙ ይከተለዋል፣ እሱም ይወድቃል። ጎረቤት ይጨመራል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም በእንዲህ ያሉ ዝግ ቦታዎች የደረሱ ሞቶችን ሲመረምር ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡት ሆነው ተገኙ። ራስ ወዳድ ስለሆኑ አልሞቱም፤ የገደላቸው ፍቅራቸውና ጥድፊያቸው ነው። ከታች የሚጠብቀው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ በትንሹ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። «ሽታው ቀርቷል፣ ግባ» የሚባለው የባሰው ሰዓት ላይ ነው። ወይም ደግሞ መርዙ ባይኖር እንኳ ኦክስጅኑ አልቋል። እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ለሁለቱም አይረዳም። ሻማ አውርዶ መፈተንም እንዲሁ፤ ሻማው እየነደደ ሰውየው በመርዙ ሊሞት ይችላል፣ ከታች ሜቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ደግሞ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አይወረድም፤ ይኸው ነው። ወደ 939 ይደወላል፣ ክዳኑ ሁሉ ይከፈታል፣ የወደቀው የሚሰማ ከሆነ ገመድ ይጣልለታል። ዋናው ነገር ግን ከመውረዱ በፊት የሚደረገው ነው፤ የሚወርደው ሰው ብብቱ ሥር ዞሮ የታሰረ ገመድ፣ ላይ ደግሞ ቦታቸውን የማይለቁ ሁለት ጎታቾች ይኑሩት። ያኔ ሌላ ሰው ሳይገባ ይወጣል። መርዙን ግን ገመዱ አያስቀረውም፤ አየሩ በመሣሪያ ካልተለካና ካልተናፈሰ መጀመሪያውኑ መውረድ የለም።

ከሰልም ያው ነው። እናትሽ ብርድ አይችሉም፤ ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ምድጃው ወደ መኝታ ቤት እንዲገባላቸው እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ከሰሉ አመድ ለብሶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን አይጎዳም» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸውና ጉልበቱ ከከዳው «ጉንፋን ነው» አትበሉ፤ ውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካገኘሽ ደጅ ሆነሽ በደንብ ተንፍሰሽ ግቢ፣ በርና መስኮቱን ክፈቺ፣ ጎትተሽ አውጪው። ውሃ መርጨቱ፣ ስሙን መጥራቱ፣ ትንፋሹን ማየቱ ሁሉ ከውጭ ይሁን። ከዚያ 907 ደውይ። ሲነቃ «ድኛለሁ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ።

አሁን ወደ ሰባተኛ ፎቅሽ ልምጣ። እሳት ቢነሳ «እናቴን ጥዬ ልውጣ ወይስ አብሬ ልሙት» ብለሽ ነው የምታስቢው፤ ምርጫው ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻ አይደሉም። ሕንፃ ውስጥ ብዙውን ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው፤ ነበልባሉ ኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ በሩን ከመክፈትሽ በፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ካልሞቀ በትንሹ ገርበብ አድርጊና ኮሪደሩንና ደረጃውን እዪ። ንጹሕ ከሆነ ከእናትሽ ጋር ውጪ፣ በሩን ከኋላሽ ዝጊው፣ ሊፍት አትንኪ። በሩ ከጋለ ወይም ደረጃው በጭስ ከታፈነ አትውጪ። ሁላችሁም መንገድ ዳር ባለው ክፍል ተሰብሰቡ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ድፈኚ፣ ለ939 የሰፈሩን ምልክት፣ የሕንፃውን ስምና ስንተኛ ፎቅ መሆንሽን ንገሪ፣ ከመስኮት ነጭ ነጠላ አውለብልቢ። እንዲህ ያደረገ ሰው እናቱንም ራሱንም አትርፏል።

ጉልበታቸው ደረጃ ስለማያስወርዳቸው ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንቺ ብቻሽን አትችዪም። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው ይቀመጡ፣ ወገባቸው ላይ በነጠላ ይታሰሩ። አንዱ የወንበሩን መደገፊያ ከኋላ ይያዝ፣ ሌላው ከታች ሆኖ የፊት እግሮቹን። ክብደቱ የሚያርፈው ታች ባለው ላይ ስለሆነ ጠንካራው እዚያ ይሁን። ቤት ውስጥ ጭስ ከገባና መንበርከክ ግድ ከሆነ ደግሞ ጋቢውን አጥፈሽ ወለል ላይ አንጥፊ፣ በጀርባቸው አስተኚያቸው፣ በራስጌ በኩል ያለውን ጫፍ በሁለት እጅ ጨብጠሽ ዝቅ ብለሽ ጎትቻቸው። በብብት ተሸክሞ ከመሄድ ይህ ይሻላል፤ ንጹሑ አየር ያለው ከወለሉ አጠገብ ነው። ልጆቹ ጋቢውን ይዘው ይከተሉሽ እንጂ ቀድመው አይሩጡ።

አንድ ነገር ዛሬውኑ እዪልኝ። መሐል ከተማ ባሉ ሕንፃዎቻችን ማታ ማታ የታችኛው የብረት በር በቁልፍ ይዘጋል፣ ቁልፉም ጥበቃው ኪስ ውስጥ ያድራል። የአደጋ መውጫ ደረጃውን ደግሞ የጀሪካንና የአሮጌ ሶፋ ማስቀመጫ አድርገውታል። የመስኮትሽ ፍርግርግ የሚከፈት ክፍል ከሌለው አንዱን አስቆርጠሽ በማጠፊያና በቁልፍ አሠሪ፤ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ሕፃን በጨለማ የሚያገኘው ቦታ ስቀዪው።

«በጭንቅ ጊዜ ሰው አውሬ ይሆናል» የምትይውንም ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። የሚደግፍሽ ማስረጃ አለ። ተመራማሪዎች የሰጠሙትን ሁለት መርከቦች፣ ታይታኒክንና ሉሲታንያን፣ አነጻጽረዋል። በ1912 እ.ኤ.አ. ታይታኒክ ለመስጠም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀባት፤ ሴቶችና ሕፃናት በብዛት ተረፉ። በ1915 ሉሲታንያ በ18 ደቂቃ ሰጠመች፤ በዚያች ላይ የበለጠ የመትረፍ ዕድል የነበራቸው ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ጊዜ ሲያጥር ጉልበት ይቀድማል፤ ይህን አልክድሽም። ግን ከዚህ የማነበው ሌላ ነው፦ ሥርዓት ለመያዝ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ጊዜው ከሌለ ደግሞ ሥርዓቱ አስቀድሞ መያዝ አለበት። በ2024 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ሃኔዳ አየር ማረፊያ ላይ ሲያርፍ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በተቃጠለው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379ኙም ወጥተዋል፤ አስተናጋጆቹ የሠለጠኑበትን አደረጉ፣ ተሳፋሪዎቹም ሻንጣቸውን ትተው ታዘዙ። ሻንጣ የሚያወርድ አንድ ሰው መተላለፊያውን ሲዘጋ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስቀራል። እንዲያ ያለው ነው እውነተኛው ራስ ወዳድነት፤ ለራሱም አይበጅም።

የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961ም አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ተጠልፎ ነዳጅ ጨረሰና ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰው 50 ተረፈ። ከግጭቱ የተረፉ ብዙዎች የሞቱት የሕይወት ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ስለነፉ ነው። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አጣብቆ ያዛቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። የተረፉትን ደግሞ ከባሕር ያወጧቸው በአቅራቢያው ካለው ሆቴል በጀልባ የደረሱ የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው።

አደጋው ቀናት ሲወስድ ደግሞ ስስት ጭራሽ አያዋጣም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቺሊ ውስጥ ማዕድን ጉድጓድ የተናደባቸው 33 ሰዎች እስኪገኙ 17 ቀን ፈጀ። ለሁለት ሦስት ቀን የታሰበውን ምግብ አብቃቅተው፣ በየ48 ሰዓቱ ሁለት ማንኪያ ቱናና ትንሽ ወተት እየተካፈሉ፣ ሁሉም ሳይሰበሰብ ማንም ሳይቀምስ ቆዩ። ከ69 ቀን በኋላ 33ቱም ወጡ፤ የፈረቃው አለቃ ሉዊስ ኡርሱዋ ከባልደረቦቹ መጨረሻ ነው የወጣው።

ለጥምቀት ጃን ሜዳ ልጆቹን ይዘሽ ከሄድሽ አንዲት ነገር ልጨምር፦ ሰው ተጣብቆ ክንድሽን ማንሳት ካቃተሽ ቀድመሽ ውጪ። ከዚያ በኋላ የሚገድለው ደረት መታመቁ ነው። ክንዶችሽን ደረትሽ ፊት አጥፈሽ ለሳንባሽ ቦታ አስቀሪ፣ ሕፃኑን ትከሻሽ ላይ አውጪ፣ የወደቀ ጫማ ለማንሳት አታጎንብሺ፣ ግፊቱ ጋብ ሲል ወደ ጎን በሰያፍ ተንቀሳቀሺ። ከኋላ የሚገፋው ፊት ያለውን አያየውም፤ ስለዚህ «አትግፉ» የሚለው ጩኸት በሰው እየተቀባበለ ወደ ኋላ ይድረስ።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ከፎቅሽ ሁለት ጎረቤት ምረጪ፣ ቡና ጥሪያቸው፣ ስለ ወንበሩ ንገሪያቸው፤ እናትሽ እያዩ፣ ባዶውን ወንበር ይዛችሁ አንድ ጊዜ እስከ ታች ውረዱ። የት ላይ እንደሚጠብና የቱ በር እንደተቆለፈ ታገኙታላችሁ። የሕንፃው አስተዳዳሪ አልሰማም ካላችሁ ያያችሁትን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የምትሰጡትን ማመልከቻ እኔ አዘጋጅላችኋለሁ።

እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ
ማርታ