ለግርማ፣ ስለ ኦልድ ራግ

ግርሜ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ?

ሰላምታዬን አስረዝሜ ወሬ ብቀይር ደስ ባለኝ፤ ግን አይሆንልኝም። እማማ አዲስ አበባ አርፈው አንተ ኮሎምበስ ለቅሶ ስትቀመጥ አልመጣሁም። ስልክም አልደወልኩም። የመጀመሪያው ሳምንት ፈረቃ በዝቶብኝ ነው አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት «አሁንማ ምን ብዬ?» አልኩ። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ፤ በዘገየሁ ቁጥር ስልኩ ድንጋይ ሆነብኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ማመካኛ የለኝም፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

አሁን የተነሳሁበትን ልንገርህ። ባለፈው ግንቦት ብቻዬን ኦልድ ራግ ሄጄ ነበር፤ ያን ቨርጂኒያ ውስጥ በሸናንዶዋ ፓርክ ምሥራቅ ጠርዝ ላይ ያለውን ድንጋያም ተራራ፣ «አንድ ቀን አብረን እንወጣዋለን» እያልን ስናወራ የኖርነውን። ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ገደማ መንዳት ነው። መጀመሪያው ደን ነው፤ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ብቻ የሚሄድ፣ ጭንህን የሚያቃጥል። ከዚያ ድንገት ዛፉ ያልቅና ቋጥኝ ላይ ትወጣለህ። ከዚህ በኋላ እግር ብቻ አይበቃም፤ በእጅህ ትቧጥጣለህ፣ በደረትህ ትሳባለህ። ገና ሲጀመር አንድ ስንጥቅ አለ፤ ወደ ውስጡ ተንጠልጥለህ መውረድ አለብህ። ከፊቴ የነበሩት ጎረምሶች አንዱ ሌላውን እየያዘ ወረዱ። እኔ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ወደ ታች አየሁ፣ ጉልበቴን አየሁ፣ ተመለስኩ። እንጦጦ ስንወጣ ያቺን የምታንሸራትት ቁልቁለት ትዝ ይልሃል? አንተ ቀድመህ ወርደህ «እግርህን እዚህ፣ አሁን እዚህ» እያልክ ታወርደኝ ነበር። የእማማን ዳቦ ቆሎ ግን እኔ ነበርኩ የምይዘው፤ አንተማ ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ ትጨርሰው ነበር።

እንግዲህ ዕቅዴ ይኸው። በኦክቶበር መጨረሻ፣ ቅጠሉ ቀልቶ ሳይረግፍ፣ በሥራ ቀን እንሂድ። ቅዳሜና እሁድ ገበያ ነው፤ ስንጥቁ ጋ ሰልፍ ይቆማል። ከማርች እስከ ኖቬምበር የቀን ትኬት በኢንተርኔት አስቀድሞ መግዛት ግዴታ ነው፤ ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ የተለየ ነው። እዚያ ስልክ ስለማይሠራ ከቤት አውርደን እንይዛለን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከእኔ ቤት እንነሳለን።

ዙሪያውን 9 ማይል ያህል ነው። በቋጥኙ በኩል ወጥተን በሌላው ወገን እንወርዳለን። ጫፉ 3,284 ጫማ ነው፤ በእኛ ቋንቋ አንድ ሺህ ሜትር። አውቃለሁ፣ ትስቃለህ፤ አዲስ አበባ ራሷ እጥፉን ታልፋለች። ግን ከመኪና ማቆሚያው ከ2,000 ጫማ በላይ ሽቅብ ስትወጣ ሳቁ ያልቃል። ላይ ምንም ውኃ የለም፤ ለእያንዳንዳችን ሦስት ሊትር።

ድሮ ስናወራ መጠለያ አለ ብዬህ ነበር፤ አለም፣ ሁለት። አንደኛው ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ዝቅ ሲሉ ደን ውስጥ ሌላ የእንጨት ጎጆ አለ። ነገር ግን «ተራራ ላይ እንደር» ያልከው አይሆንም። መጠለያዎቹ ለቀን ብቻ ናቸው፤ ከ2,800 ጫማ በላይ ማደር ክልክል ነው። ደክሞን፣ ዝናብ ቢመታን፣ ምሳችንን የምንበላበት ጣሪያ ናቸው፤ ሌላ አትጠብቅ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስንጥቁ ውስጥ መገኘት ደግሞ አልፈልግም፤ ስለዚህ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ጫፉ ላይ ካልደረስን እንመለሳለን። በዚህ አልደራደርም።

ታች ያለው የመንገዶች መገናኛ ላይ ደግሞ ድሮ መንደር ነበረ፣ ፖስታ ቤት የነበረው። ፓርኩ በ1935 ሲቋቋም ተራራው ላይ የነበሩትን አባወራዎች አስነሷቸው። ዛሬ ያ ሁሉ ጫካ ነው። መገናኛውን ግን እስካሁን በፖስታ ቤቱ ስም ይጠሩታል። ከአንተ ጋር ቆሜ ባየው ደስ ይለኛል፤ አንተ ስለ እንዲህ ያለ ነገር የምትለው አታጣም።

ጉልበትህ እንዴት ነው? እምቢ ካለ ቋጥኙን ትተን በመውረጃው በኩል እንወጣለን። ሰፊ የጠጠር መንገድ ነው፣ ከዚያ በደን ውስጥ፣ በሁለቱም መጠለያዎች በኩል እዚያው ጫፍ ያደርሳል። ለእውነቱ፣ እኔ የምፈልገው ስንጥቁን ነው።

የሚመችህን ቀን ጻፍልኝ፣ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ተራራው ካልተመቸህ ወይም ገና ካልበረደልህ፣ እኔ ኮሎምበስ እመጣለሁ። ስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ያኔም ስድስት ሰዓት ነበር።

ወንድምህ
መስፍን