ስለ አልሸባብ ኬላ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት

ይድረስ ለተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሶማሊያ ውስጥ ጦር አላችሁ። መጀመሪያ አሚሶም ተባለ፣ በ2022 አትሚስ ሆነ፣ ከ2025 መባቻ ወዲህ ደግሞ አውሶም። ስሙ በተቀየረ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው፦ ስንት ወታደር ይግባ፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍን? ክርክሩ አያስፈልግም አልልም። የኛም ልጆች እዚያው ናቸው፤ አልሸባብ ራሱ በ2022 ድንበር ጥሶ ሶማሌ ክልል ገብቶብናል። እኔ ግን የምጽፍላችሁ አልሸባብ ስለሚሰበስበው ገንዘብና ስለ ችሎቱ ነው።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከሞቃዲሾ ወደ ባይዶዋ ዕቃ ጭኖ ይነሳል። አልሸባብ ኬላ ሲደርስ እንደ ጭነቱ ዓይነት የተተመነበትን ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ቀጣዩ የአልሸባብ ኬላ ላይ ያንኑ አሳይቶ ያልፋል። የመንግሥት ወታደሮችና የጎሳ ሚሊሻዎች ኬላ ላይ ግን በደረሰበት ሁሉ ሌላ ክፈል ይሉታል። ታዲያ ነጋዴው በየትኛው መንገድ ቢሄድ ትፈርዱበታላችሁ? ፍርድ ቤቱም እንደዚያው ነው። መሬቱን የተቀማ የሞቃዲሾ ነዋሪ ጉቦ የማይበላ ዳኛ ፍለጋ ከከተማ ወጥቶ አልሸባብ ችሎት ድረስ ይሄዳል።

አልሸባብን ማሞገሴ አይደለም። በ2022 ሞቃዲሾ ዞቤ መጋጠሚያ ላይ ከ100 በላይ ሰው በመኪና ቦምብ የፈጀ ቡድን ነው። ሰውም ወዶ የሚከፍለው እንዳይመስላችሁ። በዘካ ስም ግመሉንና ፍየሉን ይነዱበታል፤ እምቢ ካለ ሕይወቱን ያጣል። በዚያው ዓመት በመካከለኛው ሶማሊያ የሂራን አርብቶ አደር ምርር ብሎት፣ ሽርጡን እንዳገለደመ ጠመንጃ አንስቶ የተነሳባቸው ለዚህ ነው። መንግሥትም አብሮ ዘመተ፣ ብዙ ቦታ ነጻ ወጣ። ይዞ መቆየቱ ነው ያቃተው። በኤፕሪል 2025 ነጻ ወጥቶ የነበረውን የአደን ያባል ከተማ አልሸባብ መልሶ ወሰደው።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንሱልን። ጦራችሁ በሚጠብቃቸው መንገዶች ላይ የመንግሥት ኬላ አንድ ብቻ ይሁን፣ ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ገንዘቡም ባንክ ይግባ ብላችሁ የሞቃዲሾን መንግሥት አጥብቃችሁ ጠይቁ። ኬላው ላይ የቆመው የሶማሊያ ወታደር ደመወዙ በወቅቱ ካልደረሰው ይህም አይሆንም፣ ስለዚህ ለጋሾችን ስታነጋግሩ የእሱንም ነገር አትርሱ። ነጻ በወጣ ከተማ ሁሉ ከጦሩ ኋላ ዳኛና ፖሊስ ይግባ፤ ጥበቃቸውና ደመወዛቸው ከዘመቻው በጀት ጋር አብሮ ይያዝ። የምትሰበሰቡት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ የወሰናችሁትን በይፋ አሳውቁን።