ስለ ፎቁ ብዛት ስንከራከር ቤዝመንቱን ረሳነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የወንዝ ዳር ሰፈር በመገንባት ላይ ስላሉት አዳዲስ አፓርታማዎች በዚህ ገጽ የሚወጡትን የአንባቢያን ደብዳቤዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ስከታተል ቆይቻለሁ። ግንባታውን የሚደግፉት ጸሐፊዎች የቤት ፈላጊው ቁጥር እየበዛ መሄዱን፣ የሚቃወሙት ደግሞ ሕንፃዎቹ የነባሩን ነዋሪ ፀሐይና እይታ መከለላቸውን ያነሣሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ሆኖም ሁለቱም ቀና ብለው ወደ ላይ እያዩ የሚከራከሩ በመሆናቸው፣ አሥር ፎቅ ይበቃል ወይስ አሥራ አምስት ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ቀለም ሲፈስ፣ ከመሬት በታች ስለሚቆፈሩት ሁለትና ሦስት ወለሎች ግን እስካሁን አንድም ሰው ሲጽፍ አላየሁም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ይኸው ዝምታ ነው።

በቅድሚያ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩት በዝናብ ውኃ ማስወገጃ መስመሮች ዲዛይን ላይ ሲሆን፣ የአፓርታማ ግንባታን በጅምላ የምቃወም ሰው አይደለሁም። ከተማ ወደ ጎን እየተለጠጠ እርሻውንና ሜዳውን ከሚበላ ወደ ላይ ቢያድግ እመርጣለሁ። በወንዝ አጠገብ መኖርንም እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ጥያቄዬ ወንዙ ሲሞላ ውኃው የት እንደሚተኛና በዚያች ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ቤት ለመግዛት ያሰቡ ወዳጆቼ ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱን አብሬያቸው እንዳይላቸው ጠየቁኝ። የሽያጭ ሠራተኛው በትሕትና ተቀብሎን በቀጥታ ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰደንና ከበረንዳው ሆነን ወንዙን እንድናይ አደረገን፤ እይታው በእርግጥም ያማረ ነበር። እኔ ግን ቤዝመንቱን ማየት እንደምፈልግ ነገርኩት። ጥያቄዬ ትንሽ ቢያስገርመውም ይዞን ወረደ። በሁለተኛው ቤዝመንት ውስጥ የሕንፃው ዋና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ፣ የመጠጥ ውኃ ታንከሩና ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። «ውኃ ቢገባስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የሚያወጣ ፓምፕ አለ» ብሎ በወለሉ ጥግ ያለች ጉድጓድ አሳየኝ። ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው ከማከፋፈያው ነው፤ ማከፋፈያው ከፓምፑ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ በዚያው ወለል ላይ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ይተካል የተባለው ጄኔሬተርም እዚያው ነው። ውኃ ያወጣል የተባለው መሣሪያ የሚሠራው ውኃው ብዙ እስካልሆነ ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን የማነሣው ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም፤ ዲዛይኑን የሠራው እርሱ አይደለምና። (እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ የደረሰውን አደጋ ካባባሱት ነገሮች አንዱ አብዛኞቹ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ቤዝመንት ውስጥ ሆነው በባሕር ውኃ መዋጣቸው ነበር። ያን ያህል ጥንቃቄ በሚደረግበት ተቋም የተፈጸመ ስሕተት በመኖሪያ ሕንፃ ላይ ቢደገም አይደንቅም።)

እኔ አሥረኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ጎርፍ ምን ያደርገኛል የሚል ገዢ ብዙ ነው። የአውስትራሊያዋ ብሪስቤን ለዚህ ጥሩ መልስ አላት። የብሪስቤን ወንዝ በከተማዋ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 እስከ 5.45 ሜትር፣ በ2011 እስከ 4.46 ሜትር፣ በ2022 ደግሞ እስከ 3.85 ሜትር ሞልቷል። ከ1974ቱ ጎርፍ በኋላ በወንዙ የላይኛው ተፋሰስ ዋይቨንሆ የተባለው ትልቅ ግድብ ስለተሠራ ብዙ ሰው ጎርፍ የአባቶች ታሪክ ሆኖ ቀረ ብሎ አመነ፤ በወንዙ ዳርም አፓርታማዎች በዙ። ውኃው ሲመጣ የብዙዎቹ ሕንፃዎች መኖሪያ ክፍሎች ጠብታ ሳይነካቸው ቤዝመንታቸው ብቻ ሞላ። ይኸው ግን በቂ ነበር። ማከፋፈያው ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ የውኃ ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ይደርቃል፤ መጸዳጃ ቤቱም አብሮ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ቤታቸው ደረቅ ሆኖ ሳለ ሊኖሩበት ያልቻሉ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ወይም ደረጃ መውረድ የማይችሉ አዛውንት አሥረኛ ፎቅ ላይ ሆነው ይህ ሲገጥማቸው ምን እንደሚሆኑ አንባቢ ራሱ ያስበው።

ከዚህ የከፋው ግን ቤዝመንቱ ራሱ የሞት ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በደቡብ ኮሪያ በፖሃንግ ከተማ፣ ከአንድ ወንዝ አጠገብ በሚገኝ የአፓርታማ መንደር፣ በከባድ አውሎ ነፋስ ያበጠው ወንዝ ገንፍሎ የምድር ውስጥ መኪና ማቆሚያውን በደቂቃዎች ውስጥ ሞላው። መኪናቸውን ለማውጣት ከወረዱት ነዋሪዎች ሰባቱ ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 29 ቀን 2024፣ በስፔን በቫሌንሲያ አውራጃ በደረሰው ጎርፍ ከ220 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነርሱ መካከል መኪናቸውን ለማዳን ወደ ጋራዥ ወርደው የቀሩ ይገኙበታል።

የቫሌንሲያ ነገር ለእኛ ክርክር ሌላም ትምህርት አለው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1957 ክፉኛ ተጥለቅልቃ ስለነበር የቱሪያን ወንዝ አቅጣጫ አስቀይራ በስተደቡብ በኩል በተቆፈረ ሰፊ ቦይ እንዲፈስ አደረገች፤ አሮጌው የወንዝ መውረጃም መናፈሻ ሆነ። በ2024 ያ ቦይ ሥራውን በሚገባ ሠርቶ የከተማዋን መሐል አዳነ። የተጎዱት ከቦዩ ማዶ ባሉ ሸለቆዎች ዳር የተገነቡት እንደ ፓይፖርታ ያሉ የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ነበሩ። በፓይፖርታ በዚያ ቀን ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልዘነበም፤ ውኃው የመጣው ከላይኛው አገር ነው። ለነዋሪዎች ስልክ የተላከው ማስጠንቀቂያ የደረሰውም ጎርፉ መንገዶቹን ከሞላ በኋላ ነበር። ስለዚህ «ዝናቡን አይቼ እወጣለሁ» የሚል የወንዝ ዳር ነዋሪ የሚያየው የተሳሳተውን ሰማይ ነው።

ሰዎች ለምን ማምለጥ አልቻሉም የሚለውን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ዘጠና ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ በር ከውጭ በኩል ግማሽ ሜትር ውኃ ቢቆምበት፣ የሚገፋው ኃይል ከመቶ ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ጋር ይተካከላል። ውኃው አንድ ሜትር ሲደርስ ኃይሉ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ወደ 450 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ያን በር ወደ ውጭ ገፍቶ የሚከፍት ሰው የለም። መኪናም ቢሆን ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ውኃ ውስጥ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ በጠባቡ መውጫ ላይ ተጋድሞ የኋለኞቹን መንገድ የሚዘጋውም እርሱ ነው። ውኃው የሚገባው መኪና በሚወጣበት በዚያው ተዳፋት መሆኑንም መርሳት አይገባም።

አልሚዎች ለዚህ ሁሉ ያላቸው የተለመደ መልስ ሕንፃው «የመቶ ዓመት ጎርፍን» ታሳቢ አድርጎ ተነድፏል የሚል ነው። ይህ አባባል በሙያው ውስጥ የራሱ ትርጉም ቢኖረውም፣ በገዢው ጆሮ ሲደርስ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ ምናልባትም እኔ የማላየው ጎርፍ ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ግን በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። በሠላሳ ዓመት የባንክ ብድር ቤት የገዛ ሰው ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ይህ ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል ሃያ ስድስት በመቶ ገደማ ነው። ከአራት ገዢዎች ለአንዱ ይደርሳል እንደማለት ነው። ስሌቱ የተመሠረተበት የዝናብ መረጃም ያለፉት ዓመታት ዝናብ እንጂ የሚመጣው አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ገዢው ነው። ስለ ጎረቤቱም መናገር ያስፈልጋል። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ የሚወርደው ውኃ 500 ሜትር ኩብ ነው። መሬቱ ሣርና ዛፍ የለበሰ ከሆነ አብዛኛው ሰርጎ ይገባል ወይም ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ያው መሬት ጣሪያ፣ አስፋልትና የተነጠፈ ግቢ ሲሆን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቦይ ይሮጣል። በዚህ ላይ ብዙ አልሚዎች ግቢያቸው እንዳይጥለቀለቅ መሬቱን በአፈር ይሞሉታል። ለአልሚው ብልህነት ነው። ነገር ግን ወንዙ ሲሞላ ይተኛበት የነበረው ሜዳ በተደለደለ ቁጥር ውኃው አይጠፋም፤ ከማዶ ወዳለው ወይም ከታች ወዳለው ሰፈር ይሄዳል። ሃምሳ ዓመት ኖረው ጎርፍ የማያውቁ ነዋሪዎች ድንገት በራቸው ላይ ውኃ ሲያዩ ወንዙን ይወቅሳሉ።

በወንዝ ዳር ደኅንነቱ የተጠበቀ አፓርታማ መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ጎርፍ 315 ሰዎች የሞቱባት የጀርመኗ ሃምቡርግ፣ ሀፈንሲቲ የተባለውን አዲስ ሰፈሯን የገነባችው ከዋናው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ውጭ፣ በወንዙ ዳር ላይ ነው። ሕንፃዎቹ የቆሙት ከባሕር ወለል በላይ ስምንት ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ በተደረገ መደብ ላይ ሲሆን፣ መኪና ማቆሚያው በዚያው መደብ ውስጥ ሆኖ የጎርፍ መዝጊያ ተበጅቶለታል። በውኃው ዳር ያለው የእግር መንገድ አልፎ አልፎ እንዲጥለቀለቅ ታስቦ የተተወ ነው፤ ሰዎች የሚወጡበት መንገድና ድልድይ ግን ከላይ በኩል ነው። በኔዘርላንድ የናይሜኸን ከተማ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣ በወንዙ ዳር የነበረውን የጎርፍ መከላከያ ግድብ 350 ሜትር ወደ ኋላ መልሳለች፤ ለወንዙም ሁለተኛ መፍሰሻ ቆፍራለታለች። ሃምሳ ያህል ቤቶች መነሣታቸው ቀላል ውሳኔ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

የእኛ ሰፈር ሃምቡርግን ይምሰል አልልም፤ ያን ያህል ወጪ ሁሉም ቦታ አይቻልም። ከዚህ በኋላ በሚሰጠው የግንባታ ፈቃድ ላይ ግን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው፣ ጄኔሬተሩና የውኃ ፓምፑ ከሚታወቀው ከፍተኛ የጎርፍ ልክ በላይ ባለ ወለል ላይ እንዲሆኑ ቢደነገግ፣ የሕንፃውን ጠቅላላ ወጪ ይህን ያህል አይጨምረውም። ያለቀን ሕንፃ ማዛወር ነው ውዱ። መኪና ማቆሚያውን በተመለከተ የምጠብቀው ተቃውሞ የበለጠ ጠንካራ ነው፤ መኪናው ወደ ምድር ወለል ከወጣ ለሱቅና ለካፌ የሚከራየው ቦታ ይጠባል፣ መንገዱም ድምቀቱን ያጣል ይባላል። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም ውኃ ገብቶ ሊወጣበት በሚችል ክፍት ምድር ወለል ላይ የቆመ መኪና ቢጠፋ የሚጠፋው መኪና ነው። ቤዝመንት የግድ ከሆነም የተዳፋቱ አፍ ከጎርፉ ልክ በላይ ጉብ ብሎ ይጀምር፤ ሰው ደግሞ ከተዳፋቱ ሌላ በደረጃ ወደ ላይኛው ወለል የሚወጣበት መንገድ ይኑረው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ አልሚው ቁልፉን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የጎርፍ መዝጊያው ጎማ ይደርቃል፣ ፓምፑ ይዝጋል፣ ይህን የሚከታተለውም ስለ ፓምፕ ምንም ሳያውቅ የተመረጠ የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። በሙያዬ እንዳየሁት፣ ለዓመታት ሳይነሣ ቆይቶ በሚፈለግበት ቀን አልነሣ ያለ ፓምፕ ከሌለ ፓምፕ የከፋ ነው፤ ሰው እርሱን ተማምኖ ሳይወጣ ቀርቷልና።

አንድ ነገር ከጋዜጣዎ እጠይቃለሁ። እስካሁን ያተማችኋቸው የእነዚህ አፓርታማዎች ምስሎች ሁሉ ከወንዙ ማዶ ሆነው የተሣሉ፣ ፀሐይ ያረፈባቸውና ዛፎቻቸው ከአሁኑ ያደጉ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ከአልሚዎቹም ሆነ ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ሕንፃውን ከጣሪያ እስከ መሠረት ሰንጥቆ የሚያሳየውን ሥዕል ጠይቃችሁ፣ የወንዙን ወለል፣ እስከ ዛሬ የታወቀውን ከፍተኛ የሙላት ልክና የመጨረሻውን ቤዝመንት ወለል በአንድ ላይ አድርጋችሁ ብታትሙልን። ሥዕሉ ለፈቃድ በቀረበው ፋይል ውስጥ የግድ አለ፤ ከገጻችሁም ከሩብ በላይ አይወስድም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ